ጉድጓድ ሃፍቱ፣ ወራጅ አለ

የአደይ አልጋነሽን ሞት የነገረኝ ኪሮስ የሚባል ባለባጃጅ ነው። ጉልቴ ላይ ሽንኩርት እየደረደርኩ ነበር። ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን አወጣና፣ «ኣደ ሶስና፣ ሰምተሻል? አደይ አልጋነሽ እኮ ዐርፈዋል። በእንቅልፋቸው ነው አሉ» አለኝ።

ሰው ሞተ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው እንባ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። ሰኔ ገብቷል። በእንዳ ኢየሱስ ጋራ በኩል ደመናው እንደ አሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከዚያ ዞር ብዬ ከጉልቴ ማዶ ያለውን ጉድጓድ አየሁ። አፉ ላይ ያለው ድንጋይ፣ የአደይ አልጋነሽ መቀመጫ፣ ባዶውን ነው። ማን ሊቀመጥበት ነው አልኩ በልቤ። ዝናቡ ሲመጣ ልጆቻችንን ማን ሊመልስልን ነው?

ቀጥሎ የመጣብኝ ሐሳብ «ባለ ጉድጓዱ ሃፍቱ ዛሬ ደስ ብሎት ሊውል ነው» የሚል ነበር። ያኔ አለቀስኩ። የንዴት ልቅሶ ነው፤ አልደብቅም።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ በትዳር መጥቼ ነው መቐለ የቀረሁት። እዚህ እናትን በልጇ ስም ነው የሚጠሯት፣ እኔም ኣደ ሶስና፣ የሶስና እናት ነኝ፤ አደይ ደግሞ እናቴ ማለት ነው። አደይ አልጋነሽ ግን አንድም ቀን እንደዚያ ብለው ጠርተውኝ አያውቁም። «ጓል ደሴ» ነበር የሚሉኝ፣ የደሴ ልጅ ማለታቸው ነው። ትግርኛ እስክለምድ ድረስ በአማርኛ አወሩኝ። ከለመድኩም በኋላ ሲቆጡኝ በአማርኛ ነበር፣ በደንብ እንዲገባኝ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጎንበስ ማለት የማያውቁ ሴት ነበሩ። ነገር ሊናገሩ ሲሉ በነጠላቸው ጫፍ ከንፈራቸውን ይጠርጋሉ። ያንን ጠረጋ ያየ ሰው ወይ ይቀመጣል ወይ ይሸሻል።

ልጃቸው ዐረብ ሀገር ሄዳ የልጅ ልጃቸውን ናሆምን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ናሆም ጥርሱ ገና የተነቀለ፣ ሲስቅ በክፍተቱ ምላሱን የሚያወጣ ልጅ ነበር። ከኔ ጉልት ቲማቲም አንሥቶ ሮጦ፣ ተመልሶ መጥቶ «አልወሰድኩም» የሚለኝ ልጅ።

ጉድጓዱ ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ወደ ውቅሮ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ሃፍቱ ሆቴል ልሠራ ብሎ ነው ያስቆፈረው። አቶ አልለውም፣ ይቅር በሉኝ፤ ከአፌ አልወጣ ብሏል። ከሥር መኪና ማቆሚያ ይኖረዋል ተብሎ ሰው የሚውጥ ጥልቀት ቆፈሩት። ቆፋሪው ማሽን እንደወጣ ጦርነቱ ገባ። ሲሚንቶ ጠፋ፣ ሠራተኛ ጠፋ፣ ጉድጓዱ አፉን እንደከፈተ ቀረ። በዙሪያው የቆርቆሮ አጥር ነበረው። ያንን ቆርቆሮ ያስነቀለው ሃፍቱ ራሱ ነው። ለሌላ ቤቱ መጋዘን ጣሪያ አደረገው። ዘበኛው ሲነቅል በዐይኔ አይቻለሁ። «እንዴ፣ ይሄ ጉድጓድ እንዲህ ክፍቱን ሊቀር ነው?» ስለው፣ «እኔ የታዘዝኩትን ነው፣ እኅቴ» አለኝ።

ክረምት መጣና ሞላ። እኛስ ምን አልን? ተመስገን አልን። ከዓይናለም፣ ከከተማው የውሃ ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ ያን ጊዜ ቧንቧችን ላይ ብቅ የሚለው እንደ ሩቅ ዘመድ ነበር፣ ሲፈልግ። ልብስ የምናጥብበት፣ ቤት የምንወለውልበት አልነበረንም። በአንዱ ጎን መሬቱ ተንዶ መውረጃ የመሰለ ነገር ሠርቶ ነበርና ሴቶቹ በዚያ እየወረድን መቅዳት ጀመርን። አረፋውን እዚያው እየደፋን፣ እየተሳሳቅን። ልጆቹም ተከትለውን ወረዱ። ወንዝ ዳር ያደገ ሰው የውሃን ጠባይ ያውቃል። መቐለ ውስጥ ግን ውሃን የሚፈራ ሰው አልነበረም፤ የምንፈራው መቅረቱን ነው። የኛ ልጆች ውሃን የሚያውቁት ጀሪካን ውስጥ ነው። ጀሪካን ውስጥ ያለ ውሃ ደግሞ ማንንም አይበላም።

ናሆም ለወለል ማጠቢያ ውሃ ሊቀዳ ነው የወረደው። አያቱ ናቸው የላኩት። ጭቃው አንሸራተተው። ከሱ ጋር የነበሩት ልጆች መጀመሪያ እየተጫወተ መስሏቸው ሳቁ፤ ኋላ ፈርተው ደርቀው ቀሩ። ሰው ደርሶ ሲያወጣው አልቆ ነበር። የዚያን ቀን ያየሁትን ሁሉ ብረሳ አንድ ነገር አልረሳም። ናሆም ይዞት የሄደው ቢጫ ጀሪካን ባዶውን፣ ክዳኑ እንደተከደነ፣ ውሃው ዳር ቆሞ ነበር። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን አይሰምጥም፣ ሰው ይዞ ይንሳፈፋል። አንድ ልጅ በእግሩ ገፋ ቢያደርገው ኖሮ ናሆም እጅ ይደርስ ነበር። ማንም ይህን ለልጆቹ ነግሯቸው አያውቅም። ለኛስ ማን ነግሮን ያውቃል?

ስልክ ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ስለሆነ እናቱ መሞቱን የሰማችው መቃብሩ ላይ ሣር ከበቀለ በኋላ ነው።

ሃፍቱ ለቅሶ መጣ። ሙሉ ልብስ ለብሶ ድንኳኑ ውስጥ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጠ። ሲነሣ፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ግን እንግዲህ እናንተም ልጆቻችሁን ጠብቁ፤ ልጅን የሚጠብቅ ወላጅ ነው» አለ።

አደይ አልጋነሽ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጡ። ከንፈራቸውን ጠረጉ።

«ልክ ነህ፣ ወደይ» አሉት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እኔ ነኝ የላክሁት። የኔን ጥፋት እኔ ራሴን እቀጣበታለሁ፣ እስክሞት። ያንተንስ ማን ይቅጣልህ?»

ሃፍቱ ኮቱን አስተካክሎ ወጣ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አደይ አልጋነሽ ሲያለቅሱ አላየሁም። ክስም ሞከሩ፤ ነገ ይምጡ፣ ከነገ ወዲያ ይምጡ ሲባሉ ከርመው ተዉት። «በሱ በር አይሆንም» አሉኝ አንድ ቀን። «እኔ ሌላ በር አለኝ።»

በሩ ባጃጅ ነበር።

ሰው ይሥቅ ይሆናል። ያኔ ሰፈራችን እንዲህ የሚባል ስም አልነበረውም፤ አንዱ «ትምህርት ቤቱ ጋ» ይላል፣ ሌላው «ወፍጮው ጋ»። አደይ አልጋነሽ ሐወልቲ ሰፈር ድረስ በእግራቸው ይሄዱና በባጃጅ ይመለሳሉ። መጀመሪያ የገጠማቸው ይሄው ኪሮስ ነው። እኔም አብሬ ተሳፍሬ ነበር። ሰፈራችን ስንደርስ ኪሮስ ዞረ።

«ወዴት ነዎት፣ አደይ?»

«ጉድጓድ ሃፍቱ።»

«እሱ የት ነው? አላውቀውም።»

«ልጄን የበላው ነዋ። ሃፍቱ የቆፈረው፣ ሃፍቱ አጥሩን የነቀለው። አሁን ዐወቅከው?»

«እ... ትምህርት ቤቱ ጋ ማለትዎ ነው?»

«ትምህርት ቤት ብያለሁ? ጉድጓድ ሃፍቱ ነው ያልኩህ። እስክትለው አልወርድም።»

ከኋላ የተቀመጠ ወጣት፣ «አደይ፣ እባክዎ፣ እኛ ረፍዶብናል» አለ።

ዞር ብለው አዩት። «የኔም ናሆም ረፍዶበታል» አሉት።

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። ኪሮስም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እሺ፣ ጉድጓድ ሃፍቱ» አለ። ያኔ ወረዱ። በማግስቱ ሌላ ባጃጅ። ከዚያ ሌላ። ሄደው የሚሠሩት ጉዳይ አልነበራቸውም፤ ጉዳያቸው መመለሱ ነው። ተሳፋሪ ከተሳፋሪ ይጠይቃል፣ «ማን ነው ሃፍቱ?» ሌላው ይነግረዋል። ሃፍቱ ነገሩን ሲሰማ የሆቴሉን ሥዕል በትልቅ ሰሌዳ አሠርቶ፣ የፈረንጅ ስም ጽፎ አቆመ። ማንም አላነበበለትም። ሰሌዳው ሥር ባጃጆቹ ቆመው «ጉድጓድ ሃፍቱ! ጉድጓድ ሃፍቱ! አንድ ሰው!» እያሉ መጥራት ጀመሩ።

አንድ ቀን የማናውቀው ሰው ከባጃጅ ወርዶ በስልክ፣ «አዎ፣ ደርሻለሁ፣ ጉድጓድ ሃፍቱ ነኝ» ሲል አደይ አልጋነሽ ሰሙ። ከድንጋያቸው ላይ ብድግ ብለው እልል አሉ። ሰውዬው ሰርግ መስሎት ዙሪያውን አየ። ወደኔ መጥተው፣ «ሰማሽ፣ ጓል ደሴ? አያውቀኝም፣ ናሆምን አያውቀውም፣ ሃፍቱን ግን ዐወቀው» አሉኝ። ዐይናቸው የልጅ ዐይን መስሎ ነበር። እኔም እልል አልኩ። ምን ልበል? ጣፍጦኛል።

ስሙ የበቀላቸው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ድንጋዩ ላይ ነበር። ልጆች ከትምህርት ቤት ከሚለቀቁበት ጀምሮ እስከ ምሽት ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ይቀመጣሉ። ከአጠገባቸው ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና፣ እግራቸው ሥር ያ የናሆም ቢጫ ጀሪካን፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ፣ እጀታው ላይ ረጅም ገመድ ታስሮበት። «ሃፍቱ ከዚህ በኋላ ከዚህ ሰፈር አንድ ፀጉር አያገኝም» ይሉ ነበር። የሚጠብቁት ለፍቅር ብቻ አልነበረም። ልጅ ባዳኑ ቁጥር ከሃፍቱ እጅ የቀሙት ይመስላቸው ነበር።

ልጆቹን ሰብስበው ያስጮኹአቸዋል።

«ማን ቆፈረው?»

«ሃፍቱ!»

«ጓደኛችሁ ቢገባ ትዘልላላችሁ?»

«አንዘልም!»

«ለምን?»

«ሁለት ሬሳ እንሆናለን!»

«ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ጩኸት! ጀሪካን! በሆድ ተኝቶ ዱላ!»

በጭቃው ላይ በሆዳቸው እያስተኙ አጣናውን እንዲዘረጉ ያለማምዷቸዋል። አንዱ ሰማጭ ይሆናል፣ ሌላው አዳኝ። ቆመህ ከዘረጋህ ይጎትትሃል፣ ተኝተህ ዘርጋ ይሉታል። ዩኒፎርማቸው በጭቃ ተለውሶ ሲመጡ እናቶቹ ተቆጡ። «ልብስ ይታጠባል» አሉ አደይ አልጋነሽ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ተደብቆ የዋኘ ልጅ ከሳቸው አያመልጥም። ሲያልፍ ክንዱን ይዘው በጥፍራቸው ጫር ያደርጉታል፤ ነጭ መሥመር ከወጣ ውሃ ገብቷል። ይህን ማንኛዋም እናት ታውቀዋለች። ወንዶቹ ግን ብልጥ ሆነው ቫዝሊን መቀባት ጀመሩ። ቆዳቸው አብረቅርቆ፣ ቢጭሩት መሥመር የለውም። እናቶቹ ተሸወድን። አደይ አልጋነሽ አንዱን ጆሮውን ይዘው ወደ ጉልቴ አመጡት።

«ጓል ደሴ፣ በሕይወትሽ ሳይታዘዝ ቫዝሊን የተቀባ ወንድ ልጅ አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«በቃ፣ ዋኝቷል።»

ልጁ ራሱ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ጆሮውን ለቀው ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ «ናሆም እንዳንተ ብልጥ ነበር» አሉት። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ቫዝሊን ሲቀባ አላየሁትም።

ሽማግሌ ተላከባቸው፣ ቄስም ነበሩበት። ሃፍቱ ዕርቅ ፈልጓል፤ ስሙ እያሳፈረው ነው። አደይ አልጋነሽ ሽማግሌዎቹን ቤት አላስገቡም፣ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ነው የተቀበሏቸው። እኛም ዙሪያውን ቆምን። ቄሱ ስለ ይቅርታ ብዙ ተናገሩ። እሳቸው አዳምጠው ሲያበቁ ከንፈራቸውን ጠረጉ።

«ዕርቅ እፈልጋለሁ፣ አባ። አንድ ነገር ብቻ። ሃፍቱ ትንሿን ልጁን ይዞ ይምጣ። ክረምት ላይ፣ ሲሞላ። እዚህ አጠገቤ ያቁማት፣ እጇን ይልቀቅ፣ እኛ እናውራ። ወሬያችንን ስንጨርስ እታረቃለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሄደው ነገሩት። «አብዳለች! ልጄን እዚያ ጋ?» አለ አሉ። መልሱ ሲደርሳቸው አደይ አልጋነሽ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «አያችሁ፣ ያውቃል። ውሃው ልጅ እንደሚበላ ያውቃል። የኛን ልጅ ነው የማያውቀው።»

ዕርቁ በዚያው ቀረ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ካልነገርኩ እኚህን ሴት ለምን እንዳልረሳሁ አይገባም። ሶስና የመጨረሻ ልጄ ናት፤ አርግዣት ሳለሁ ነው አባቷ የተለየኝ። ያኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። ጉልቴ ሥር፣ ሽንኩርት መሃል ነበር የማስቀምጣት፣ ቀሚሷን ከወንበሬ አስሬ። አንድ ከሰዓት አንዲት ሴት ከሰፈር ውስጥ «ውሃ መጣ!» ብላ ጮኸች። በኛ ከተማ ይህን ጩኸት የሰማች እናት ማንንም አታውቅም። ቧንቧው መቼ እንደሚዘጋ አይታወቅም። በርሜሉ ክዳኑ ይከፈታል፣ ሳፋው ይወጣል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ይጋፋል። እኔም ሮጥኩ። ሶስናን ፈትቼ፣ «ተከተዪኝ» ብዬ። የተከተለችኝ መስሎኝ ነበር። የዚያን ሰዓት የሰፈሩ እናት ሁሉ ፊቷን ወደ ቧንቧ፣ ጀርባዋን ወደ ልጆቿ አዙራለች።

አንዲት ሴት ብቻ ውሃ መጣ ሲባል ከድንጋይዋ አልተነሣችም።

በርሜሌ ግማሽ ሳይደርስ የአደይ አልጋነሽ ጩኸት ተሰማኝ። «ጓል ደሴ!» ብቻ ነበር። ስደርስ በሆዳቸው ጭቃው ላይ ተዘርግተዋል፣ ነጠላቸው ውሃ ውስጥ ተንሳፍፏል። ጀሪካኑ መሃል ላይ ነው። ሶስና ጀሪካኑን በሁለት እጇ አቅፋዋለች፣ ዐይኗ ፈጥጧል፣ አንድም ድምፅ የላትም። ገመዱን አብረን ሳብነው። እቅፌ ውስጥ ስትገባ ቀዝቃዛ ዓሣ ነበር የምትመስለው። ከዚያ አስመለሳት፣ ከዚያ አለቀሰች። ያንን ልቅሶ በዓለም ላለ ዘፈን ሁሉ አልሸጠውም።

አደይ አልጋነሽ እያለከለኩ፣ «ስትጮኽ ሰምተሻታል?» አሉኝ።

«አልሰማሁም፣ አደይ።»

«እኔም አልሰማሁም። አየኋት እንጂ። የሚሰምጥ ልጅ አይጮኽም። የሚጮኽ ልጅ ገና እየተጫወተ ነው። ዝም ካሉብሽ ሩጪ።»

አቅፈውኝ ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። አላቀፉኝም። ጭቃቸውን ሳያራግፉ የሶስናን እጅ ያዙ። «ተነሺ» አሉ፣ «ጉዳይ አለን።»

ሃፍቱ ቤት ወሰዱን። ቅርብ ነው፣ ባለ ትልቅ ብረት በር። ሚስቱ ስትከፍት አልጠየቋትም፣ አልፈው ገቡ፣ እኛም ተከተልን። ሃፍቱ ሳሎን ተቀምጧል። አደይ አልጋነሽ ሶስናን ምንጣፉ መሃል አቆሟት። ከቀሚሷ ጭቃ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

«ልጅህን ይዘህ ና ብልህ እንቢ አልክ» አሉት። «እኔ ግን ይዤልህ መጣሁ። ውሃህን ተረከብ።»

ሃፍቱ ተነሥቶ ቆመ። ከበሩ ጀርባ ትንሿ ልጁ፣ ሄለን ይሏታል፣ አንገቷን አውጥታ ሶስናን ታያለች። ሁለቱም እኩያ ናቸው። ሃፍቱ ያየው ምንጣፉን ነው። እግዜር ምስክሬ ነው፣ ምንጣፉን አየ። ያን ጊዜ እኔ ውስጥ የሆነ ነገር ደነደነ፤ እስካሁንም አልተፈታም።

ከዚያ ወዲያ ያደረገው ነገር ቢኖር ቀይና ነጭ ላስቲክ በጉድጓዱ ዙሪያ ማሳሰር ነው። ሳይውል ሳያድር ነፋስ ወሰደው። ልጆቹ ገመድ ዝላይ ተጫወቱበት።

እንግዲህ እኚህ ሴት ናቸው የሞቱት። ሰኔ ላይ፣ ደመናው ተጠቅልሎ ሳለ።

ቀብሩ ላይ ባጃጆቹ ጡሩንባ ሳያሰሙ ተከታትለው መጡ። ሃፍቱም ከሩቅ ቆሞ አየሁት። ለቅሶው እንዳለፈ ጉልቴ ድረስ መጣ። ሽንኩርት የሚገዛ መስሎ ጎንበስ አለ።

«እኅቴ፣ ሴትዮዋ ሞተዋል። ነፍሳቸውን ይማር። ስሙም አብሯቸው ይቀበር። ባለባጃጆቹ አንቺን ይሰሙሻል።»

«ምን ሆንክ?»

«ልጄን ትምህርት ቤት ‹ጓል ጉድጓድ› እያሏት ነው። የጉድጓድ ልጅ። ትናንት እያለቀሰች መጣች።»

እያለቀሰች መጣች። እሰይ አልኩ በልቤ። ልጅ ናት፣ ምንም አላደረገችም፣ አውቃለሁ። ግን እሰይ አልኩ። ያንተ እያለቀሰች ቤቷ መጣች፤ ናሆም ቤቱ አልመጣም።

«ስም የሚቀበርበት ጉድጓድ አለህ አይደል?» አልኩት። «ድፈነው።»

«እደፍናለሁ እኮ። ክረምቱ ይለፍ፣ አፈሩ ይድረቅ፣ መኪና ይገኝ...»

«ክረምቱ ማንን ይዞ ይለፍ?»

ሽንኩርት ሳይገዛ ሄደ።

የዚያን ዕለት ዝናብ ጣለ። ጉልቴን ወደ አፋፉ አዛወርኩት። ጀሪካኑን ከአደይ አልጋነሽ ቤት አመጣሁ፣ ገመዱን በአዲስ ቀየርኩት። ሶስናን፣ አሁን ተማሪ ብትሆንም፣ ከነጠላዬ ጫፍ አስሬ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደሳቸው ጀግና አይደለሁም። ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር ገመዱን እፈትሻለሁ። ወፍ ውሃውን ስትነካው እንኳ እነሣለሁ። ሌሎቹ እናቶችም በተራ መጡልኝ። ውሃ መጣ ሲባል አንዷ ትቀራለች፣ ሌሎቹ የሷን በርሜል ይሞሉላታል። ይህን ሕግ አወጣን። ስንቀመጥ ዝም አንልም። መኪና ባለፈ ቁጥር፣ ልጅ በተጠጋ ቁጥር፣ «ከሃፍቱ ጉድጓድ ራቅ!» እያልን በረጅሙ እንጮኻለን። ብረት በሩ ድረስ ይሰማል። እንዲሰማ ነው የምንጮኸው።

ከባጃጅ ተራ የሄለን አባት ማን እንደሆነ የማያውቅ አልቀረም። አንድ ማለዳ አፈር የጫኑ መኪኖች መጡ። ክረምቱ ሳያልፍ፣ አፈሩ ሳይደርቅ። ለካ ይቻል ኖሯል።

የመጀመሪያው መኪና አፈሩን ሲደፋ ሃፍቱ መጣ። ሄለንን በእጁ ይዟታል። እንድታይ ነው ያመጣት፤ እኔም ልጂቱን ፊት ለፊት ስሙ ቀረ እንድላት። አፋፉ ላይ ቆሙ። እሱ ስልኩ ጮኸና እጇን ለቆ ወደ ጎን ዞረ። ልጂቱ አፈሩ ውሃ ውስጥ ሲገባ ለማየት አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደች። መሬቱ ርጥብ ነው። እግሯ ሥር ያለው ጭቃ ሲንሸራተት አየሁ።

«ያዛት!» ብዬ ጮኽኩ። «ሃፍቱ! እጇን ያዛት!»

ስልኩ ወደቀ። ክንዷን አፈፍ አድርጎ ወደ ደረቱ ለጠፋት። ልጂቱ ምንም አልሆነችም፣ እንዲያውም ለምን እንደተጎተተች አልገባትም። እሱ ግን ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ውሃውን አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃውን አየ። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ፣ ልጁን እያሸተተ ራሷን ይስማል፣ ይስማል።

እኔ ጀሪካኑን ሳላውቀው አንሥቼ ኖሯል፣ ክንዴ ለመወርወር ወደ ኋላ እንደተዘረጋ ነው። ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት። አየሁልዎት፣ አደይ፣ አልኩ። ሽማግሌ ልከው ሊያዩት የፈለጉትን ፊት እኔ አየሁልዎት። ምንጣፉን አይደለም ያየው። ውሃውን ነው።

ሲነሣ፣ «ስሙስ?» አለኝ።

«የኔ አፍ ጉድጓዱ ሲደፈን ይዘጋል» አልኩት። «የባጃጆቹን አፍ ግን አንተ ነህ የከፈትከው።»

ጉድጓዱ ተደፈነ። አሁን ሜዳ ሆኗል፣ ልጆቹ ኳስ ይጫወቱበታል። እኔ ግን አሁንም ማታ ማታ የሶስናን ክንድ በጥፍሬ ጫር አደርጋለሁ፤ ሌላ ሰፈር ሌላ ጉድጓድ አለ። ጀሪካኑም በሬ ላይ ነው፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ። ሃፍቱን ሳገኘው ሰላም እለዋለሁ፣ ቃሌን ጠብቄአለሁ፣ ስሙን አላነሣም።

ባለፈው ከሶስና ጋር ከሐወልቲ ስንመለስ ባጃጁን የሚነዳው አዲስ ልጅ ነበር፣ ከገጠር በቅርብ የመጣ። አደይ አልጋነሽን አያውቅም፣ ናሆምን አያውቅም፣ ጉድጓዱንም አላየውም። ሜዳው ጋ ሲደርስ ሳይዞር፣ «ጉድጓድ ሃፍቱ፣ ወራጅ አለ?» አለ።

ሶስና ቀና ብላ አየችኝ። ትምህርት ቤቱ ጋ ማለት እችል ነበር። ወፍጮው ጋ ማለት እችል ነበር።

«አለ» አልኩ።